ምንም አልተገኘም

ፖርቶ ላይ፣ ወደ ወንዙ በሚያዘቀዝቀው ጠባብ መንገድ፣
ጓልተር የሚሉት ሽማግሌ ሱቅ አለው፤ አሮጌ ሴራሚክ የሚነግድ፦
ከፈረሰ ቤት ግድግዳ በመሮ የተላቀቀ፣
ጠርዙ የተሸረፈ፣ ሰማያዊው ግን ያልለቀቀ።
አንድ ሺህ ስምንት መቶ ዐሥር፤ ሁሉም ብቸኛ፣ ሁሉም ነጠላ፣
ክንፉ ሌላ ቤት የቀረ ወፍ፣ ግንዱ የጠፋበት ዘለላ።

የእህቱ ልጅ ዙልሚራ ናት ድረ ገጹን የሠራችለት፣
ለያንዳንዱ ፎቶ፣ ቁጥር፣ አንድ መስመር መግለጫ የጻፈችለት።
ገጹ ግን እንደ ገመድ ነው፤ ጣት እስኪዝል ቁልቁል የሚጎተት፣
ደንበኛ ግማሹን ሳያይ ይሄዳል፣ የመጣበትን ሳይሸምት።
«ሳጥን አድርጊበት» አላት ጓልተር፣ «ሰው የፈለገውን የሚጽፍበት።»
እሷም ቅዳሜ ማታ ተቀመጠች፣ ሾርባዋ እየቀዘቀዘባት።

ትልቅ ማሽን የለም፣ የሚከፈል ኪራይ የለም፤ ሠላሳ መስመር ስክሪፕት፣
አንዱ ገጹን ሁሉ ያነባል፣ ቃል ይለቅማል በሌሊት፤
በየቃሉ ሥር የሴራሚኩን ቁጥር ይደረድራል፤
«ወፍ» ሲሉት፣ ዐሥራ አራት፣ ሁለት መቶ ሦስት፣ እያለ ይቆጥራል።
ሌላው ሳጥኑ ሥር ተደብቆ፣ ፊደል በነካህ ቁጥር ይነቃል፤
የጻፍከውን ይዞ ይሮጣል፣ ያገኘውን ይዞ ይመለሳል፤ ያ ይበቃል።

መጀመሪያ ያስቸገረቻት ጭረት ነበረች፣ በፊደላቸው ራስ ላይ የምታርፍ፤
ዙልሚራ በጭረት ጽፋለች፤ ደንበኛ በጥድፊያ ያለ ጭረት ሲጽፍ፣
ማሽኑ «አላውቃትም» ይል ነበር፤ ለሱ ሌላ ናት፣ ሌላ ወፍ።
(ይህን ስሰማ ሳቄ መጣ፦ በሃሌታው ሀ፣ በሐመሩ ሐ፣ በብዙኃኑ ኀ፣
አንዲት ፀሐይን ስንት ዓይነት ጽፈናታል! ለጆሮ አንድ ነው፣ እንደ ውሃ፤
የሚያጣላን ዓይናችን ነው።) እሷም አንድ መስመር ጻፈች፣
ሳጥኑ ቃል ከመቀበሉ በፊት የየፊደሉን ቆብ ገፈፈች።

ሠራ። «ወፍ»፣ ዐሥራ ሰባት። «መርከብ»፣ ስድስት። «ሎሚ»፣ አንድ።
ጓልተር መነጽሩን ገፍቶ ሳቀ፤ «አወቀልኝ» አለ፣ «የሱቄን መንገድ።»
እሷ ግን ሦስተኛ ስክሪፕት ጨመረች፣ ሳትነግረው፣ አጭር፣
ሰው ጠይቆ ያጣውን ብቻ የሚመዘግብ በዝርዝር።

ከወር በኋላ ከፈተችው፦
«የዳቦ ቤቱ ግድግዳ፣ ሳይፈርስ በፊት»
«አረንጓዴ፣ ግን አረንጓዴ ያልሆነ»
«የእናቴ ወጥ ቤት»
«የእማዬ ወጥ ቤት»
«ወጥ ቤት»
«የእናቴ»

ሰባት ጊዜ። ሳጥኑም ሰባት ጊዜ «ምንም አልተገኘም» ብሎ መለሰ፤
ሳይዋሽ፣ ሳያፍርም፣ በሩን ቀስ አድርጎ መለሰ።

እሁድ ጠዋት ያንን ሐረግ አጠፋችና በምትኩ ጻፈች፦
«እንዴት ያለ ነበር? ንገሩን።» የኢሜይል አድራሻም አስከተለች።
መልሱ ማክሰኞ መጣ፣ ዴኦሊንዳ ከምትባል ጡረታ ከወጣች ነርስ፦
«ዓሣ ነው። ዓይኑን ወንድሜ በምስማር ፍቆታል፣ እናቴ ከገበያ እስክትመለስ።»

ሁለቱ ሱቁን አገላበጡ፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ የለም ዓሣ፤
በመጨረሻ ጓልተር አንዱን ብርሃን ላይ ያዘ፣ ቁጥር ሰባት መቶ ሥልሳ።
መግለጫው «ቅጠል» ይላል፣ «መሃሉ ላይ ጉዳት ያለበት»።
ቅጠል አልነበረም። ዙልሚራ ዘቅዝቃ ነበር ካሜራዋን የደቀነችበት።
ስክሪፕቱ ምን ያድርግ? ያልሰጡትን ቃል ከየት ያምጣ?
እስከ ጆሮዋ ቀላች፤ ጓልተር ወንበር ስቦላት መጣ።

ዴኦሊንዳ በአውቶቡስ ደረሰች። አላየችውም መጀመሪያ፤
በአውራ ጣቷ ዳበሰችው፣ የምስማሩን መግቢያ፣ የምስማሩን መዞሪያ።
ጓልተር በነጻ ሰጣት ብል ደስ ባለኝ፤ ዐሥራ ሁለት ዩሮ ተቀበላት፣
በድሮ ጋዜጣ ሁለቴ ጠቀለለው፤ ሲባጎውን ግን መረቀላት።

ዓሣው ሄደ። ዙልሚራ መስመሩን ከገጹ አልሰረዘችም፤
«የእናቴ ወጥ ቤት» ብሎ የሚጽፍ ዛሬ ባዶ እጁን አይመለስም፤
አንድ ፎቶ ይወጣለታል፣ ከሥሩ «ተሸጧል» የሚል።

ያ ሌላው ግን አሁንም በሌሊት ይመጣል፤ ይጽፋል፤ ይጠብቃል፦
«አረንጓዴ፣ ግን አረንጓዴ ያልሆነ።»